ገጽ ስልሳ ሁለት

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

መርየም፣ አሰላሙ ዓለይኩም ብዬሽ ወዲያው ወደ ቁጣዬ ልግባ። ስለ ጤናሽ የምጠይቀው ከተቆጣሁ በኋላ ነው።

የላክሽልኝ የአየር መንገድሽ መጽሔት ደርሶኛል፤ ግን አንድ ቅጠል ጎድሎታል። ከገጽ ስልሳ ተነስቶ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ ያርፋል። ሰው ለአጎቱ ጥርሱ የወለቀ ማበጠሪያ ይልካል? ማውጫውን ሳይ ገጽ ስልሳ ሁለት «አውሮፕላኖቻችንና መዳረሻዎቻችን» ይላል። እኔ ከመጽሔቱ ሁሉ የምፈልገው እሱን ብቻ ነበር። ስለ ሽቶና ስለ እጅ ሰዓት የተጻፈው ምን ያደርግልኛል፤ ሰዓት ሳገላብጥ ነው የምውለው። እንግሊዝኛን ከሬዲዮ መመሪያ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስት ምሽት ከደከምኩ በኋላ ዋናው ነገር ተቀዶ ሳገኘው ምን ልበል?

ሌላም አለ። ገጽ ዐሥራ ስምንት ላይ የሰው ማስቲካ ተለጥፏል። የቃላት ጨዋታውን አንዱ ግማሹን ሞልቶ ትቶታል፤ ሁለት ቦታ ተሳስቷል፣ አርሜለታለሁ። ሆስተስ የሆነች የእህት ልጅ እያለችኝ ሰው ያኘከበት መጽሔት ለደምመላሽ እንዴት አድርጌ ላሳየው? የኤርፖርቱን ዘበኛ ደምመላሽን አልረሳሽውም መቼም። በትከሻዬ ተሸክሜሽ አውሮፕላን ሲወርድ ለማየት አጥሩ ጋ በመጣን ቁጥር «ሙሄ፣ ይቺን ልጅ አንድ ቀን ታስበርራታለህ» ይለኝ የነበረውን።

ቁጣዬ አልቋል። አሁን እንዴት ነሽ?

ለጥያቄዎችሽ መልስ፤ ጥርሴ ተነቅሏል። የጠየቅሽኝ ልጅ አግብቷል፤ ሚስቱ አታምርም ብዬ ልዋሽልሽ? እናትሽ ደህና ናት። ከደሴ ወርዳ ቤቴን ካልረገጠች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። የሐረጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሳታል። እኔ ጥፋተኛው ደግሞ በዚያ ዓመት «ሐረጎ ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ከደሴ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ተጀምሯል፤ ከቤትሽ በር መኪና መጥቶ ይወስድሻል» ብዬ ነገርኳት። ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ጎረቤት ተሰናብታ በሯ ላይ ዋለች። ይኸው እስከ ዛሬ ስለ አውሮፕላን የምናገረውን አንድ ቃል አታምንም።

ያንቺን ግን ታምናለች። እህትሽ ሱሀይላ ደብዳቤሽን ጮክ ብላ ታነብላታለች። እናትሽ ፊደል ስለማታውቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ታስደግማታለች፤ አውሮፕላንሽ ሁለት መተላለፊያ አለው የሚለው ጋ ስትደርስ «ቆይ» ብላ ጎረቤት ትጠራለች።

አንድ ነገር፤ ፊደልሽ ለምን ተንጋደደ? ቁጥሩን እንደ ሐኪም፣ «መ»ን እንደ ሕፃን ነው የምትጽፊው።

አጎትሽ ሙሄዲን
የሰዓት፣ የሬዲዮና የተቀደደ መጽሔት ሐኪም

---

ሙስካት፣ ጥቅምት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ጥርስዎ በመነቀሉ አዘንኩ፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ሳይነግሩኝ ቀሩ። የልጁንም ነገር ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሚስቱ ታምራለች ቢሉኝም እችለው ነበር።

ስለ መጽሔቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገጹን የቀደደው ተሳፋሪ ይሆናል፤ ካርታ ስላለበት ይወስዱታል። አሁን ሁለት ልኬያለሁ፤ ማስቲካ የለባቸውም፣ አይቻቸዋለሁ።

ሥራዬ ጥሩ ነው። እኔ በግራው መተላለፊያ፣ ጓደኛዬ በቀኙ ጋሪ እየገፋን ሩዝ በዓሣ እናድላለን። ባለፈው ሳምንት ኮሎምቦ ሆቴል አድረን ተመለስን። ፊደሌ የተንጋደደው እየበረርኩ ስለምጽፍ ነው፤ አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል።

ስልክ አዘውትሬ የማልደውለው ረስቼ አይደለም። እማዬ የምታነሳው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ዐሥር ሰው ቆሞ ይሰማል። ደብዳቤ ይሻላል። በሆስተስ ኮት የተነሳሁት ፎቶ ወደዚህ በላከኝ በደላላው በሽር እጅ ነው አሉኝ፤ እንዴት እንደገባ አላውቅም። ለእማዬ ብቻ ነበር የላክሁት።

ልጅዎ መርየም

---

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

መርየም፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥርሴ በግራ በኩል ነው፤ አሁን ስስቅ በቀኝ ብቻ ነው። ለማንኛውም ሰሞኑን ብዙም አልሳቅሁም።

ሁለቱ መጽሔቶች ደርሰውኛል። ማስቲካ የላቸውም፤ እውነትሽን ነው። ገጽ ስልሳ ሁለትም የላቸውም።

አንድ መጽሔት ላይ አንድ ገጽ ሲቀደድ ተሳፋሪ ነው። ሦስት መጽሔት ላይ ያው ገጽ ሲቀደድ ግን የሆነ አንድ ሰው ነው። አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ አየሁት። መጀመሪያ በጥፍር ታጥፏል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ተቀዷል። ተሳፋሪ እንዲህ አይቀድም፤ ቸኩሎ ይገነጥላል እንጂ። በጥፍሯ አጥፋ የምትቀድድ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለች ዝቅተኛ ማርክ ያለበትን የደብተር ቅጠል እንዲህ እየቀደደች እናቷን «ደብተሬ ሲገዛም እንዲህ ነበር» ትላት ነበር።

አትቆጪ፣ መማር ፈልጌ ነው። ገጽ አርባ ላይ የምግብ ዝርዝር አለ፤ ሳንድዊች ይሸጣል፣ ሻይ ይሸጣል፣ ውሃ ሳይቀር ይሸጣል። ሩዝ በዓሣ የለበትም። የምታድዪውን ከየት አመጣሽው? አውሮፕላኑ ይንቀጠቀጣል ያልሽኝስ? በግንቦት ደብዳቤሽ «አጎቴ፣ ደመናው ላይ ሲወጣ የሐረጎ አውቶቡስ አይደለም፤ ሻይ እንኳ አይፈስም» ያልሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤዎችሽን በተርታ አስቀምጫለሁ፤ እርስ በርሳቸው እየተጣሉ ነው።

ይህን ሁሉ በቀልድ ባልፈው ደስ ባለኝ። አላልፈውም። በሽር ያንን ፎቶሽን በላስቲክ አስለብጦ ይዞት ይዞራል። ቢስቲማ ድረስ ሄዷል። የእናትሽን ስም እየጠራ «የመዲና ልጅ ናት፤ ዓመት ሳይሞላት ሆስተስ ሆነች» ይላል። ወደ ሙስካት የሚሄዱ ስድስት ልጆች አስመዝግቧል። ስድስተኛዋ ሱሀይላ ናት። ኮሌጁን አቋርጣ ልትመጣልሽ ነው። ቀኑ በጥር ይሆናል ብሏታል።

ፎቶው ላይ የለበስሽው ኮት እጅጌው እስከ ጣትሽ ጫፍ ይደርሳል። የማን ነው?

አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ፤ ሌላውን ሁሉ ተዪው። ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ያለው ምንድነው?

ሙሄዲን

---

ሙስካት፣ ኅዳር 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ስለ ገጹ ሁለተኛ አይጠይቁኝ። መጽሔትም ከእንግዲህ አልልክም።

የሱሀይላን ነገር እማዬ በስልክ ነግራኛለች። እኔ ነዪ አላልኳትም። አትምጪም አላልኳትም። ትልቅ ሰው ናት።

ለመጪው ዓረፋ በግ ስለምታርዱልኝ አላህ ይቀበላችሁ። ሥራ ስለሚበዛ እዚህ ላይ ላብቃ።

መርየም

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

መርየም፣

ሰላምታውን ዛሬ አጥሬዋለሁ፤ ቢረዝም ውሸት ይሆናል።

የሐርቡውን ሙንዚር ታውቂው ይሆናል፤ በጅቡቲ አድርጎ ሙስካት እየተመላለሰ ጨርቅ የሚነግደውን። ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ሊያሠራ መጣ። የሚሳፈረው በሁድሁድ ነው፣ ባንቺው አየር መንገድ፤ ርካሽ ነው አለኝ። ዕቃውን ሲፈታ ጫማ የጠቀለለበት መጽሔት ወደቀ። ጫማውን መልሼለት መጽሔቱን አስቀረሁ። ሙሉ ነው፤ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት።

እንግዲህ ካንቺ የተሻለ ስለ አየር መንገድሽ አውቃለሁና ልንገርሽ። ሁድሁድ ስምንት አውሮፕላን አለው። ስምንቱም ኤርባስ 320 ናቸው፤ ሌላ ዓይነት አንድም የለም። መቶ ስልሳ ስምንት ወንበር፣ ሦስት በግራ ሦስት በቀኝ፣ መሐሉን አንድ መተላለፊያ። አንድ፣ መርየም። መዋሸትስ ዋሺ፤ ግን መተላለፊያውን ስትቆጥሪ ምነው አጎትሽን ብታስታውሺ? በትከሻዬ ላይ ሆነሽ ሞተር መቁጠር ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?

መናኸሪያው ሁለት ነው። ስድስቱ አውሮፕላን ከሙስካት፣ ሁለቱ ከሰላላ ይነሳሉ። በካርታው ላይ መስመሩ ሁሉ ከሁለቱ ቦታ ወጥቶ ወደ ሁለቱ ቦታ ይመለሳል። ከሥሩ ደግሞ ኃላፊው ፎቶውን አስደግፎ ይኩራራል፤ «አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ አንድ ዓይነት መለዋወጫ። ነፃ ምግብ የለም። ሠራተኞቻችን ውጭ አያድሩም፤ በሄዱበት ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቲኬታችን ርካሽ የሆነው ለዚህ ነው።» ሳነበው አደነቅሁት፤ እኔም አንድ ዓይነት ሬዲዮ ብቻ ብጠግን ኖሮ ዛሬ ፎቅ ሠርቼ ነበር። ከዚያ ኮሎምቦ ሆቴል ማደርሽ ትዝ አለኝና መጽሔቱን ወረወርኩት።

አትበሪም። ሆስተስ አይደለሽም። ምን እንደሆንሽ አላውቅም፤ በዚህ ነው የተናደድኩት። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ እየዋሸሽኝ እኔ ማስቲካ ስፍቅ ነበር።

ለእናትሽ ብለሽ ብትዋሺ ይገባኛል። ውሸትሽን ግን በሽር ከቤት ቤት ይዞት እየዞረ ነው፤ አሁን ደግሞ እህትሽን ሊወስድበት ነው። አንቺ «ትልቅ ሰው ናት» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ወላሂ ያንን መስመር ሳነብ እጄ ላይ የነበረው ሰዓት ወድቆ ተሰበረ። የሰው ሰዓት ነው።

ራሴንም አልማርኩትም። ውልሽ ላይ ምስክር ሆኖ የፈረመው ማነው? እኔ። በሽር «ጋሼ ሙሄ፣ እርስዎ አውሮፕላን ያውቃሉ፤ እርስዎ ከፈረሙ እናቷ ትረጋጋለች» አለኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። የፈረምኩት ወረቀት ላይ «የአየር መንገድ ሠራተኛ» ነበር የሚለው። ምን ዓይነት ሠራተኛ ብዬ አልጠየቅኩም። አውሮፕላን አውቃለሁ ባዩ ሰውዬ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሙንዚር ነው። በእጅሽ ጽፈሽ በእጁ መልሺልኝ። እውነቱን ብቻ።

ሙሄዲን

---

ሙስካት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ይቅርታ ማለት ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፤ ሙንዚርም ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

አውሮፕላን አጸዳለሁ። መናኸሪያው ባሉት ቦታ፣ ከበረራ ሲመለሱ እኛ እንገባለን። ዐሥራ ስድስት ሴቶች ነን። ሃያ አምስት ደቂቃ ይሰጠናል፤ ከዚያ ሌላ መንገደኛ ይገባል። ስምንቱን አውሮፕላን ከውጭ ሲያዩአቸው ማንም አይለያቸውም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ። የአንዱ የኋላ ሽንት ቤት በሩ አይገጥምም፤ የአንዱ ዐሥራ አራተኛ ረድፍ ወንበር ትራሱ ተቀዷል፤ አንዱ ሁልጊዜ የዓሣ ሽታ አለው። ስለ ሩዝ በዓሣ ስጽፍልዎ እሱን እያጸዳሁ ነበር የዋልኩት። ሁለት መተላለፊያ ያለውን ደግሞ ጎናችን ሲቆም አየሁት፤ የሌላ አየር መንገድ ነው። ያማረ ስለነበር እሱን ለእማዬ ላክሁላት።

መጽሔቶቹን ወሩ ሲያልቅ ከወንበር ኪስ ሰብስበን እንጥላለን። ለእርስዎ አንዱን አስቀራለሁ፤ ገጹን አውቄ ነው የምቀድደው። እርስዎ ሲያዩት በአንድ ደቂቃ እንደሚያውቁብኝ አውቅ ነበር።

ፊደሌ የተንጋደደው በማጽጃው መድኃኒት ነው። የጣቴ ጫፍ ተልጧል፤ እስክሪብቶ በቡጢ ነው የምይዘው፤ ለእማዬ ስጽፍ ብቻ እንደምንም አቀናዋለሁ። ኮቱ የአንዲት የስሪላንካ ሆስተስ ነው፤ ወንበር ላይ ረስታው ሄዳ ለበስኩትና ጓደኛዬ ፎቶ አነሳችኝ።

አንድ ቀን ጠርጌ ስጨርስ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎታቹ መኪና አውሮፕላኑን ሃያ ሜትር ያህል ገፋው። ከመጣሁ ወዲህ የበረርኩት እሱን ነው።

ፓስፖርቴ የበሽር ሸሪክ መሳቢያ ውስጥ ነው። ገና ስመጣ ወሰደው። በመስከረም ጠርቶኝ «እህትሽ ከመጣች ያንቺን እመልሳለሁ» አለኝ። አጎቴ፣ ሊቆጡኝ ይገባል። ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ፓስፖርቱን ብቻ አይደለም ያሰብኩት። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነን ነው የምናድረው፤ አንዳቸውም አማርኛ አይችሉም። ሱሀይላ ብትመጣ በአማርኛ የምትቆጣኝ ሰው አገኛለሁ አልኩ። ስለዚህ አትምጪ አላልኳትም።

አሁን እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ አፌ አይችልም።

መርየም

---

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

የኔ ልጅ፣

አንብቤዋለሁ። ስለ ጣትሽ ከጻፍሽው በታች ያለውን ለማንበብ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ቁጣዬ አልበረደም፤ ቤት ለውጧል እንጂ። ቲኬቱን ርካሽ ያደረገው ምን እንደሆነ ኃላፊው ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ዘርዝሮ ነበር። አንቺን ግን አልጻፈሽም።

ልንገራቸው ብዬ ትናንት እሑድ ደሴ ወጣሁ። እናትሽ ቤት ድግስ ነበር፤ በሽር መጥቷል፣ የስድስቱ ልጆች ቤተሰብ መጥቷል። ቀኑ ተቆርጧል፤ ጥር 14 ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ እናንተ። ሱሀይላ አዲሱን ሻንጣዋን መሐል ክፍል አቁማዋለች፤ ሰው ሁሉ እየዞረው ያልፋል።

ስምንት የክብሪት ቀፎ ይዤ ነበር። እጄን ታጥቤ፣ በልቼ፣ የበላንበት ሶፍራ ላይ ደረደርኳቸው።

«በሽር፣ የመርየም አውሮፕላን ስንት መተላለፊያ አለው?» አልኩት።

«ሁለት ነዋ ጋሼ ሙሄ። ደብዳቤዋን አላነበቡም እንዴ?»

«የሁድሁድ አውሮፕላን ስምንት ነው፤ እኒህ ናቸው። ስምንቱም አንድ ዓይነት፣ ስምንቱም አንድ መተላለፊያ። ልጅቷ በየትኛው ነው የምትሠራው? አንሳና አሳየኝ።»

አንዱን አነሳና ሲጋራውን ለኮሰበት። «በዚህ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጽሔቱን አውጥቼ ገጹን ዘረጋሁ፤ እንግሊዝኛ ነው፣ ማን ያንብበው? ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት።

«መርየም ጽፋልኛለች። አትበርም። አውሮፕላን ነው የምታጸዳው። ፓስፖርቷን ይዘውባታል።»

በሽር ከእጄ ወስዶ ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ይሄ የመርየም ፊደል ነው?» አለ። «እናንተ የምታውቋት ልጅ እንዲህ ትጽፋለች? ጋሼ ሙሄ፣ በግራ እጅዎ ነው የጻፉት አይደል?»

እናትሽ ሳቀች። አልፈርድባትም። «ሙሄ፣ በአውሮፕላን አንድ ጊዜ አስቀምጠኸኛል፤ ይበቃኛል» አለች። ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ለማያውቁት ደግሞ ነገረቻቸው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀለድኩት ቀልድ በዚያች ሰዓት ተነስቶ መጥቶ ከበሽር ጎን ቆመ።

ሱሀይላ ግን አልሳቀችም። በር ድረስ ተከትላኝ መጣች። «አጎቴ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሁሉ አጥር ሥር ቆመው ሰው ሲሄድ ያያሉ። እኛ ስንሄድ ለምን ይከፋዎታል?» አለችኝ።

ሐረጎን ስወርድ አስመለሰኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ መርየም፣ ነገሩን መልሼ ላንቺ ሰጠሁሽ። «እርስዎ ይንገሯቸው» ብለሽኝ ነበር። የኔ አፍ አይሠራም፤ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። ለእናትሽ አንቺ ጻፊላት። ደብዳቤ ሲመጣ ማን እንደሚያነብላት ታውቂያለሽ። ሱሀይላ ናት። ለእናቷ ጮክ ብላ ማንበብ አለባት፤ ቃል ብትዘል እናትሽ ታውቅባታለች፣ «ያችን ድገሚያት» ትላታለች። ያንቺን ነገር በሱሀይላ በገዛ አፏ አስነግሪያት። ሌላ ማንም ሰው ሊነግራት አይችልም።

ፊደሉን የኔ እንዳይሉት ገጹን ቅደጂና እሱ ላይ ጻፊው። እናትሽ አቀዳደድሽን ታውቀዋለች።

ሙንዚር ነገ ይሄዳል። ጊዜ የለንም። ለፓስፖርትሽ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ፤ የፈረምኩበትን ውል ግልባጭ አውጥቻለሁ። አሁን ግን ሐሙስ ይቅደም።

አጎትሽ

---

ኮምቦልቻ፣ ጥር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት

መርየም፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ሦስት ሰዓት ሆኗል። አውቶቡሱ ከደሴ የሚነሳው በዐሥራ ሁለት ነው። ከነጋ ጀምሮ መንገዱ ዳር ቆሜ ነበር፤ በኮምቦልቻ ነው የሚያልፈው። ሲያልፍ አየሁት። መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ ጣሪያው ላይ ሻንጣ ሞልቷል፤ ከመካከላቸው የሱሀይላን የመሰለ አንድ አየሁ። ሻንጣ ሁሉ ዘንድሮ አንድ ዓይነት ነው። ላስቆመው እጄን አነሳሁ፤ ሾፌሩ ሰላም ያልኩት መስሎት ጥሩምባ ነፋልኝ።

ሙንዚር ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ስልኩ ዝግ ነው። ወረቀትሽ ደርሶ እንደሆነ፣ ጅቡቲ ላይ ቀርቶ እንደሆነ፣ እስከ ጭራሹም ጽፈሽው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ደሴ ሱቁ ጋ ደወልኩ፤ ባለሱቁ «ማለዳ ሰው ሲላቀስ ሰማሁ» አለኝ። ለስንብትም ይላቀሳሉ።

ስለዚህ አሁን እጽፍልሻለሁ፤ ምክንያቱም የተናደደ ሰው አንድ ነገር መያዝ አለበት፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ሰዓት ብይዝ እሰብረዋለሁ። ሄጄ የበሽርን በር ልሰብር አስቤ ነበር። ጠዋት ደምመላሽ ነው የያዘኝ። «በስልሳ ዓመትህ ታስረህ ለማን ትጠቅማለህ?» አለኝ። ስልሳ አልሞላኝም፤ በዚያም ተናደድኩ።

ሱሀይላ ሄዳ ከሆነ ተቀብለሻት አትውቀሻት። እንዳትደብቂያት ግን። በመጀመሪያው ቀን ስምንቱንም አውሮፕላን በየስማቸው አስተዋውቂያት፤ በሩ የማይገጥመውን፣ ትራሱ የተቀደደውን። ጓንት ሳታደርግ መድኃኒቱን እንዳትነካ። በአማርኛ ስትቆጣሽ ስሚያት፤ ተራዋ ነው። እኔ ደግሞ ይኸው አላህ ምስክሬ ነው፣ የሁለታችሁንም ፓስፖርት እስካላመጣሁ ድረስ አንድ ቀልድ ከ

በር ተንኳኳ። ቆይኝ።

መርየም፣ እየተጣደፍኩ ነው። እናትሽ ናት። እናትሽ ሐረጎን ወርዳ መጥታለች። ደጃፌ ላይ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ብቻዋን ናት። አሁን ጓሮ ወጥታ ፊቷን እየታጠበች ነው፤ ይህችን የምጽፈው ውሃው ሲፈስ እየሰማሁ ነው።

ስትገባ ሰላም አላለችኝም። ከጉያዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አንድ ጎኑ በጥፍር ታጥፎ ቀጥ ብሎ ተቀዷል። ስምንቱ አውሮፕላኖች ተሰልፈዋል፤ በላያቸውና በመሐላቸው ያንቺ የተንጋደደ ፊደል።

«ሌሊት አንድ የሐርቡ ሰው አመጣው» አለች። «ሱሀይላ እስከ እዚህ አነበበችልኝ» ብላ ጣቷን ከገጹ ግማሽ ላይ አሳረፈች። ፊደል ባታውቅም የቆመችበትን አልሳተችውም። «ከዚያ አልችልም አለች። ድገሚው ብላት፣ ቀጥዪ ብላት አልሆነችም። ቀሪውን አንተ አንብብልኝ።»

«ሱሀይላስ?» አልኳት።

«ቤት ናት። አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሻንጣው ላይ ተቀመጠች፤ እስክወጣ ድረስ አልተነሳችም።»

ውሃው ቆመ። እየመጣች ነው። «መነጽርህን አድርግ» ትለኛለች። «አንድ ቃል እንዳትዘል፣ ሙሄ። አንብበህ ስትጨርስ አንተንም በተራህ እቆጣሃለሁ። ከዚያ ወደ በሽር አብረን እንሄዳለን፤ ሐረጎን እመለስበታለሁ።»

ላንብብላት።